ቃሉን የሰጠው ዋሽንግተን፣ በሩ የሚንኳኳው ካውንቲ

ሰሞኑን በዲሲና አካባቢው በምንኖር አበሾች መካከል ከስልክ ስልክ የሚዞር አንድ ጽሑፍ ደረሰኝ። ጸሐፊው በካውንቲ (ከስቴት በታች ባለው የአካባቢ አስተዳደር) ምክር ቤቶች ተማርረዋል። የምክር ቤት አባላት የተመረጡት መንገድ ሊያስጠግኑና ትምህርት ቤት ሊያስፋፉ ነው ይላሉ። እነሱ ግን ተሰብስበው ኮንግረስ እገሌ የተባለውን የቬተራን (የቀድሞ ወታደሮች) ሕግ እንዲያጸድቅ የሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ ያወጣሉ። ከዚያው ስብሰባ ሳይነሱ የፌዴራል ገንዘብ መጠየቂያ ማመልከቻ ላይ እጅ ያወጣሉ። ይህ ለጸሐፊው የራስን ሥራ ትቶ የሰው ሥራ መሥራት ነው።

መከራከሪያቸው አምስት ነው። የቬተራን ጉዳይ የፌዴራል እንጂ የካውንቲ አይደለም። የውሳኔ ሐሳብ ማንም የማያነበው ወረቀት ነው። የፌዴራል ገንዘብ መጠየቅ ልመና ነው፤ ጥገኛ ያደርጋል። ቬተራኖች ከበቂ በላይ አግኝተዋል፤ ካውንቲው ጭራሽ ግብር እያጣባቸው ነው። በመጨረሻም ነገሩ እኛን አበሾችን አይመለከተንም።

ጽሑፉን አልንቀውም። የቤት ግብር ሲጨምር የሚያመው ሁላችንንም ነው። ሰውየው የጠየቁትም ገንዘባቸው የት እንደሚገባ ነው። ግን አብዛኛው አልተዋጠልኝም። አንዱ ላይ ግማሽ መንገድ አብረን እንሄዳለን። በየተራ ልመልስ። ዓመቶቹንና ቀኖቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

«የፌዴራል ጉዳይ ነው» ስለሚለው

ሕጉን ብቻ ካየን ጸሐፊው ልክ ናቸው። ለቬተራን ካሳ የሚከፍለውም ሆስፒታሉን የሚያስተዳድረውም ቪኤ ነው። ቪኤ ደግሞ የቬተራኖችን ጉዳይ የሚይዝ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። አንድ ቬተራን ቪኤ ዘንድ የሚደርሰው በማን በኩል ነው?

በኦሃዮ፣ በሚኒሶታ፣ በካሊፎርኒያ፣ በቴክሳስና በሌሎችም ብዙ ስቴቶች የካውንቲ ቬተራን ሰርቪስ ኦፊሰር የሚባል ሠራተኛ አለ። ሥራው ቬተራኑን አስቀምጦ ክሌይሙን (ለቪኤ የሚቀርበውን የካሳ ጥያቄ) በነፃ መሙላት፣ ማስረጃውን ማሟላት፣ ቪኤ እምቢ ሲል ይግባኝ ማለት ነው። ደሞዙ በአብዛኛው የሚወጣው ከካውንቲው ካዝና ነው። ቨርጂኒያን በመሳሰሉ ስቴቶች ደግሞ ይህን ሥራ ስቴቱ ራሱ ይሠራዋል። የትም ይሁን የት ግን ክሌይሙን ከቬተራኑ ጋር ቁጭ ብሎ የሚሞላለት ሰው ብዙ ጊዜ የፌዴራል ሠራተኛ አይደለም።

አዲስ ነገርም አይደለም። የኦሃዮ ካውንቲዎች ለችግረኛ ወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው የሚያወጡት ገንዘብ በሕግ የተደነገገው በ1886 ነው፤ የእርስ በርሱ ጦርነት ዘማቾች ማርጀት ሲጀምሩ። በዋሽንግተን ስቴት እስከ ዛሬ ድረስ ሕጉ እያንዳንዱን ካውንቲ ከንብረት ግብሩ ለቬተራን መርጃ እንዲመድብ ያስገድዳል። ቡፋሎ፣ ኒው ዮርክ ደግሞ በ2008 የቬተራኖች ችሎት አቋቋመች። ቬተራኑ በሱስ ወይም በአእምሮ ጭንቀት ተነሥቶ ሲያጠፋ፣ ችሎቱ እስር ቤት ከመወርወሩ በፊት ሕክምና ያስጀምረዋል። ያን ችሎት የከፈተው የፌዴራሉ መንግሥት አይደለም፤ የከተማው ዳኛ ነው።

ሥራው ቀረብ ተብሎ ሲታይ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። የማውቀው ልጅ ነው፤ ስሙ ይቆይ። አፍጋኒስታን ደርሶ መጥቷል። ማታ ማታ ያስለዋል፤ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። እናቱ «ብርድ ነው» እያሉ ዝንጅብል ያፈሉለታል። ሐኪሙ አስም ነው አለው። ልጁ ይህ ከውትድርናው ጋር ይገናኛል ብሎ አላሰበም። አንድ ቀን ግን ወረቀቱን በፌስታል አጭቆ ኦፊሰሯ ጋ ሄደ።

ኦፊሰሯ መጀመሪያ የጠየቀችው ዲዲ 214 ነው፤ ከሠራዊቱ ሲሰናበት የተሰጠው ወረቀት። የት እንደነበር አየች። ቀጥላ የሕክምናውን ወረቀት ሳትነካ አንዲት አጭር ቅጽ አስሞላችው። ቅጿ «ክሌይም ላስገባ ነው» የምትል ማስታወቂያ ናት። ጥቅሟ ቀን መያዟ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አለው። ማስረጃውን ሰብስቦ በዓመቱ ውስጥ ክሌይሙን ካስገባ፣ ቪኤ ሲፈቅድለት ክፍያው ወደዚያች ቀን ተመልሶ ይታሰባል።

ይህች ነገር ቀላል ትመስላለች። በ2025 ተመን ብቻውን የሚኖርና 70 በመቶ ጉዳት የተወሰነለት ቬተራን በወር 1,759 ዶላር ያገኛል፤ ግብር የለበትም። ቅጿን ሳይሞላ ስምንት ወር ወረቀት ሲለቅም የከረመ ሰው 14 ሺህ ዶላር ገደማ ቀረበት ማለት ነው። ይህን የሚነግረው ሰው ከሌለ ቪኤ ቤቱ ድረስ መጥቶ አይነግረውም።

ቬተራኑ ሲወድቅስ ማን ያነሣዋል? ቤት ሲያጣ የሚያድረው በካውንቲው መጠለያ ነው። ሌሊት ራሱን ስቶ ሲገኝ የሚያነሣው የካውንቲው አምቡላንስ ነው። ስለዚህ «የእኛ ጉዳይ አይደለም» ማለት ይቻላል፤ ሒሳቡ ግን እኛው ዘንድ ይመጣል።

«ማንም የማያነበው ወረቀት» ስለሚለው

እዚህ ላይ ጸሐፊው የሚያሾፉበት ዓይነት የውሳኔ ሐሳብ መኖሩን አልክድም። «ጀግኖቻችንን እናከብራለን» ብሎ ጀምሮ እዚያው የሚያልቅ አለ። እሱ ለፎቶ ነው። ግን ሌላ ዓይነትም አለ። የረቂቅ ሕጉን ቁጥር ይጠራል፤ በካውንቲው ውስጥ ስንት ሰው እንደሚነካ ይገልጻል፤ ሕጉ ባለመኖሩ የትኞቹ ክሌይሞች ውድቅ እንደሚሆኑ ያስረዳል። ይህን መረጃ ኮንግረስ ከሌላ ቦታ በቀላሉ አያገኘውም። ክሌይሙ ውድቅ ሲሆን ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው የካውንቲዋ ኦፊሰር ናት።

በጦር ካምፕ ጭስ ለታመሙ ቬተራኖች የወጣውን የፓክት ሕግን እንይ። በኢራቅና በአፍጋኒስታን የጦር ካምፖች ቆሻሻ የሚቃጠለው ሜዳ ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ ነበር። ፕላስቲኩ፣ ጎማው፣ የባትሪው ዝቃጭ ሁሉ አንድ ላይ ይነድዳል። ወታደሩ ከጎኑ ይተኛል። ዓመታት ቆይቶ ሳንባው ሲታመም ቪኤ «ሕመምህ ከጭሱ መምጣቱን አስረዳ» ይለዋል። ያንን ማን ማስረዳት ይችላል? የትኛው ቀን የትኛውን ጭስ እንደሳበ የሚመዘግብ ወታደር የለም።

ሕጉ የተሰየመው በሂዝ ሮቢንሰን ነው። የኦሃዮ ናሽናል ጋርድ ባልደረባ ነበር፤ በ2020 በሳንባ ካንሰር ሞተ። ረቂቁን ሴኔቱ በሰኔ 2022 በ84 ለ14 አሳለፈው። ከዚያ በአንድ ቴክኒካዊ እርማት ምክንያት ድምፅ እንደገና መሰጠት ነበረበት። ሐምሌ 27 ቀን ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ክርክሩን ለመዝጋት 60 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ የተገኘው 55 ብቻ ሆነ። ቀደም ሲል የደገፉት ብዙ ሴናተሮች ፊታቸውን አዞሩ። ቬተራኖችም የካፒቶሉ ደረጃ ላይ ፍራሽ አነጠፉ። ኮሜዲያኑ ጆን ስቱዋርት አብሯቸው በየካሜራው ፊት ጮኸ። ነሐሴ 2 ቀን ሴኔቱ በ86 ለ11 አጸደቀው፤ ነሐሴ 10 ቀን ፕሬዚዳንት ባይደን ፈረሙበት።

በሳምንት ጊዜ ውስጥ የሴናተሮችን ሐሳብ የቀየረው አዲስ ጥናት አይደለም። ከየስቴቱ የመጣ ጩኸት ነው። የካውንቲ ውሳኔ ብቻውን ሕግ አስወጣ አልልም፤ እንዲህ የሚል ካለ አጋንኗል። ሴናተሩ አገሩ ሲመለስ ግን የሚያገኘው እነዚያኑ የካውንቲ ሰዎች ነው። የፈረሙበትን ወረቀት ይዘው ይጠብቁታል።

ዛሬ ያ ልጅ አስሙ ከጭስ መምጣቱን እንዲያረጋግጥ አይጠየቅም። አፍጋኒስታን ማገልገሉና ሕመሙ ከአገልግሎት በኋላ መገኘቱ ይበቃል። በፓክት ሕግ መሠረት ቪኤ እስከ ግንቦት 2024 ድረስ አንድ ሚሊዮን ክሌይም መፍቀዱን አስታውቋል።

ወረቀቱ የሚያስፈልግበት አንድ ሌላ ቦታም አለ፤ ጸሐፊው ያላነሡት። የኮንግረስ እንደራሴዎች ለየአካባቢያቸው ፕሮጀክት ገንዘብ የሚያስመድቡበት አሠራር ነበር። በ2011 ታገደ፤ በ2021 በአዲስ ደንብ ተመለሰ። በአዲሱ ደንብ እንደራሴው የሚያቀርበው ጥያቄ ቁጥሩ የተወሰነ ነው፤ በ2023 የበጀት ዓመት ከ15 አይበልጥም ነበር። ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት አይካተትም። እንደራሴው ጥያቄውን በይፋ ያወጣል፤ እሱም ሆነ የቅርብ ቤተሰቡ የገንዘብ ጥቅም እንደሌላቸው ፈርሞ ያረጋግጣል። ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ደግሞ የኅብረተሰቡ ድጋፍ ማስረጃ ነው። የአካባቢ ምክር ቤት ውሳኔ እንደ ማስረጃ ይቆጠራል። ጸሐፊው ማንም አያነበውም ያሉት ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ከሌለ፣ ገንዘቡ ወረቀቱን አሟልቶ ለመጣው ለጎረቤት ካውንቲ ይሄዳል።

«ልመና ነው» ስለሚለው

የፌዴራል ግብር እኛም እንከፍላለን። የራስን ገንዘብ መልሱልኝ ማለት ልመና ከሆነ፣ በየሚያዝያው ተመላሽ የምንጠብቅ ሁላችንም ለማኞች ነን።

ቁም ነገሩ ግን ገንዘቡ ምን ሠራ የሚለው ነው። ቤት አልባ ለሆኑ ቬተራኖች የተዘጋጀ የኪራይ ቫውቸር አለ። የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት ለኪራዩ ይከፍላል፤ ቪኤ ቬተራኑን የሚከታተል ሶሻል ዎርከር ይመድባል፤ ቫውቸሩን የሚያስተዳድረው ደግሞ የአካባቢው የቤቶች ባለሥልጣን ነው። ሦስቱ ካልተገናኙ ነገሩ አይሠራም። በ2010 በአንድ ሌሊት ቆጠራ 74 ሺህ ገደማ ቬተራን ቤት አልባ ነበር። በ2024 ቁጥሩ 32,882 ሆነ። በእነዚያ ዓመታት ሌላው የቤት አልባ ቁጥር ሲጨምር የቬተራኑ ከግማሽ በላይ ቀንሷል።

የእኛዋ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችባት፣ በ2015 መጨረሻ ላይ የቬተራን ቤት አልባነትን ተግባራዊ በሆነ መልኩ ማስወገዷን አስታውቃለች። አርሊንግተንም በዚያው ሰሞን። ይህ ማለት ቤት ያጣ ቬተራን ጨርሶ አይኖርም ማለት አይደለም። አንዱ ጎዳና ሲወጣ ቶሎ ቤት የሚያስገባው አሠራር ዝግጁ ነው ማለት ነው። ከካውንቲው ኪስ ብቻ ይህ አይሆንም ነበር።

ሁሉም የፌዴራል ገንዘብ ነፃ ስጦታ እንዳልሆነም ይታወቅ። ስቴቶች የቬተራን መጦሪያ ቤት ሲሠሩ ቪኤ የሚሸፍነው እስከ 65 በመቶ ነው። ቀሪው 35 በመቶ ከራሳቸው ይወጣል። የራሱን ድርሻ ያላዘጋጀ ተራው ያልፈዋል።

አሁን ወደምስማማበት ግማሽ ልምጣ። ጸሐፊው የፌዴራል ገንዘብ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ሠራተኛው ሜዳ ላይ ይቀራል ይላሉ። እውነት ነው። በ2021 በወጣው የኮቪድ ማገገሚያ ሕግ ለስቴቶችና ለአካባቢ መንግሥታት 350 ቢሊዮን ዶላር ተመድቦ ነበር፤ ከዚያ 65 ቢሊዮኑ በቀጥታ ለካውንቲዎች። ግን የተቆረጠ ቀን አለው። እስከ 2024 መጨረሻ በውል ያልታሰረ ገንዘብ ተመላሽ ነው፤ የታሰረውም እስከ 2026 መጨረሻ ተከፍሎ ማለቅ አለበት። በዚህ ገንዘብ ቋሚ ሠራተኛ የቀጠረ ካውንቲ ራሱን ጠልፎ ጥሏል። የአንድ ጊዜ ገንዘብ ለአንድ ጊዜ ሥራ ነው፤ ለሕንፃ፣ ለመኪና፣ ለኮምፒውተር።

ለቋሚው ሥራ መፍትሔው ራስን መጠየቅ ነው። ሲያትል ያለችበት ኪንግ ካውንቲ ያደረገችው ይህን ነው። በ2005 ሕዝቡ ለቬተራኖችና ለሌሎች ችግረኞች የሚውል የንብረት ግብር በድምፁ አጸደቀ። በ2011፣ በ2017ና በ2023 አሳደሰው፤ በመካከሉ አረጋውያንንም ጨመረበት። በ2023 የጸደቀው ተመን ከቤት ዋጋ ላይ በየ1,000 ዶላሩ 10 ሳንቲም ነው። 700 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ቤት ያለው ሰው በዓመት 70 ዶላር ይከፍላል። እዚያ ብዙ አበሻ አለ፤ ከሚከፍሉት መካከል የእኛም ሰዎች አሉ። መጀመሪያ ከራሱ ያዋጣ ካውንቲ ዋሽንግተን ሄዶ ሲጠይቅ ማንም ለማኝ አይለውም።

«ከበቂ በላይ አግኝተዋል» ስለሚለው

በወረቀት ላይ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ትምህርት፣ የቤት ብድር፣ ሕክምና። በተግባር ግን ቀዳዳው ብዙ ነው። አንዱን ብቻ ልጥቀስ። ወታደር በጦር ሜዳ ቆስሎ በ12ኛ ዓመቱ በሕክምና ጡረታ ወጣ እንበል። ከመከላከያ ጡረታ አለው፤ ከቪኤ የጉዳት ካሳ አለው። ግን ቪኤ በሰጠው ልክ በአብዛኛው ከጡረታው ይቆረጣል። 20 ዓመት ያገለገለና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ጉዳት ያለበት ባልደረባው ሁለቱንም ይወስዳል። እሱ የሚቀጣው 20 ዓመት ሳይሞላው በመቁሰሉ ነው። ይህን የሚያስተካክለው በሜጀር ሪቻርድ ስታር የተሰየመው ረቂቅ ሕግ ነው። ከግማሽ በላይ የሆኑ እንደራሴዎች ስማቸውን አስፍረውበት እንኳ 118ኛው ኮንግረስ ሳያጸድቀው በ2025 መጀመሪያ ተበተነ። ይኸውላችሁ፣ የካውንቲ ምክር ቤቶች ስለ ቬተራን ሕግ ኮንግረስን የሚጨቀጭቁት እንዲህ ያለው ነገር ስላለ ነው።

ግብር ስለማጣቱ ያነሡት ግን ጠንካራ ነጥብ ነው። በቨርጂኒያ ከ2011 ጀምሮ 100 በመቶ ቋሚ ጉዳተኛ የሆነ ቬተራን ለሚኖርበት ቤት የንብረት ግብር አይከፍልም። ሜሪላንድም ተመሳሳይ ሕግ አላት። ነፃ ያወጣው ስቴቱ ነው፤ ገቢው የሚጎድለው ካውንቲው ነው። ይህ ይቆረቁራል።

ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እንሥራው። 100 በመቶ ጉዳተኛ የሆነ ብቸኛ ቬተራን በ2025 ተመን በወር 3,831 ዶላር ያገኛል፤ በዓመት ወደ 46 ሺህ ዶላር የፌዴራል ገንዘብ ማለት ነው። የሚያጠፋው እዚሁ ግሮሰሪና ጋራዥ ነው። ለካውንቲው የቤት ግብሩን ያህል ተመልሶ ይገባል አልልም፤ አይገባም። የጎደለው ካሳሰበን የሚጠየቀው ሕጉን ያወጣው ስቴት ነው፤ ድርሻውን ይሸፍን። ቬተራኑ ጥቅሙን ሳያውቅ እንዲቀር መመኘት ግን የበጀት ፖሊሲ አይደለም።

የካውንቲው ቢሮ ከሌለ ደግሞ ክፍተቱን የሚሞሉት እነማን እንደሆኑ ይታወቃል። «ክሌይምህን እናሳድግልሃለን» እያሉ በስልክ የሚያሳድዱ፣ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቁ ድርጅቶች ናቸው። የመጀመሪያ ክሌይም ለማዘጋጀት ገንዘብ መቀበል በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። የወንጀል ቅጣቱ ግን በ2006 ተነሥቷል። ስለዚህ በድፍረት ይሠሩበታል። የሚያስከፍላችሁ ካለ ስልኩን ዝጉት።

«እኛን አይመለከተንም» ስለሚለው

ይህ ነጥብ ከሁሉም በላይ ገረመኝ። ሠራዊቱ ከ2009 እስከ 2016 ድረስ ግሪን ካርድ የሌላቸውን ሕጋዊ ነዋሪዎች በሚያስፈልገው ቋንቋ የሚቀበልበት ማቭኒ የሚባል ፕሮግራም ነበረው። ከቋንቋዎቹ አንዱ አማርኛ ነበር። በዚያ የገቡ ልጆች አሉን። ግሪን ካርድ ይዘው ገብተው በአገልግሎታቸው ዜግነት ያገኙም አሉ። እዚህ ተወልደው ናሽናል ጋርድ የገቡት ደግሞ አሉ፤ ለኮሌጅ ክፍያ ብለው ገብተው ባሕር ማዶ የተላኩ።

ብዙዎቻችን ደግሞ ሌላ ነገር እናስታውሳለን። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) መለዮውን እንደለበሰ አስፋልት ዳር እጁን የሚዘረጋ ወታደር አይተናል። ያንን ያየ ሰው ስለ ቬተራን «አይመለከተንም» ሲል ይከብደኛል።

ጸሐፊው በሚቀጥለው የምክር ቤት ስብሰባ ሄዳችሁ ተቃወሙ ብለዋል። መብታቸው ነው፤ ይሂዱ። እኔም ለመናገር እመዘገባለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የቬተራን ጥቅም መረጃ በአማርኛም ይውጣ። ልጁ እንግሊዝኛውን ይችላል። ግን ልጅ በአገልግሎት ምክንያት ሲሞት ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ወላጆች ከቪኤ ወርኃዊ ክፍያ የመጠየቅ መብት አላቸው። ያንን ቅጽ የሚሞሉት ወላጆቹ ናቸው፤ ብዙዎቹም እንግሊዝኛ አያነቡም። ጥያቄውን በጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ጸሐፊውም ቢፈርሙበት ደስ ይለኛል።